የባሕር መጠይቅ በጣና ዳር

ለባሕር ትምህርት የተመረጥሁት በከተማዬ ስም ነው። ሌላ ምክንያት ቢኖር ኖሮ እስካሁን አንዱ ይነግረኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረችኝ። ግድግዳዋ ስለተሰነጠቀ የዓለም ካርታ ለጥፌበታለሁ፤ ስንጥቁ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ያልፋል። ወዳጅ የሶሻሊስት አገሮች የትምህርት ዕድል ሲሰጡ ዝርዝሩ ከአዲስ አበባ ይመጣልና፣ አንድ ዓመት ላይ ለካርታ ሥራ አመለከትሁ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። አንድ ቀን ተኩል በአውቶቡስ ሄጄ፣ ግራጫ ኮት የለበሱ ኃላፊ ፊት ተቀመጥሁ።

«ካርታ ሞልቷል፤» አሉኝ ገና ሳልናገር። «ባሕር ግን አለ።»

«የምን ባሕር?»

«ባሕርና ኅብረተሰብ። ሁለተኛ ዲግሪ ነው። እስካሁን ማንም አልጠየቀውም።» ፋይሌን ገለጥ አድርገው አዩ። «አንቺ ከባሕር ዳር ነሽ አይደል?»

«አዎ። ግን እዚያ ያለው ሐይቅ ነው።»

«ስሙን እኔ አላወጣሁትም፤» አሉና ማኅተሙን መቱ።

እውነትም እሳቸው አላወጡትም። እኛ ጣናን ባሕር ነው የምንለው። ዳሩ ላይ ያለችውም ከተማ ባሕር ዳር ናት። ሐይቅ የሚለው ቃል ለፈተና ወረቀት የሚወጣ ቃል ነው። ይህን ለኃላፊው ላስረዳቸው ብዬ ነበር፤ ከኋላዬ ሰባት ሰው ተሰልፎ ስለነበር ተውሁት።

የተላክሁበት ዩኒቨርሲቲ ያለው በአንድ ትልቅ የወደብ ከተማ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋቸውን ተማርሁ። እንደ ደረስሁ በሰጡኝ ቅጽ ላይ «የመኖሪያ ቦታ» የሚል ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል ተረጐምሁትና «በባሕር ዳርቻ» ብዬ ሞላሁ። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ይህን ሲያነቡ ደስ እንዳላቸው በኋላ ሰማሁ። ሰውየው ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ናቸው። ለዓመታት የሚላኩላቸው ተማሪዎች ከተራራና ከበረሃ የመጡ ነበሩ። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ሲመጣላቸው እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።

ትምህርቱ ራሱ ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ጠዋት የባሕር ሕግ እንማራለን። ቀጥሎ ስለ ዓሣ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ወደብ ሠራተኞች ታሪክ፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ መርከበኞች ሲሳፈሩ ስለሚዘፍኑት ዘፈን። አስተማሪዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ በኮሪደር ሲተላለፉ ሰላምታ የሚሰጣጡት በኛ ምክንያት ነው። ፕሮፌሰሩ ብቻ ሁሉም አንድ ትምህርት እንደሆነ ያምኑ ነበር። «ባሕር ማለት ውኃው አይደለም፤ ሰው በውኃው ምክንያት የሚያደርገው ነገር ነው፤» ይሉናል። እኔም ጻፍሁት። በፈተናም መጣ።

የመጀመሪያው የመርከብ ልምምዳችን አራት ቀን ነበር። ሦስቱን ቀን ባልዲ ታቅፌ አሳለፍሁ። ፕሮፌሰሩ ከአልጋዬ አጠገብ ቆመው በሐዘኔታ አዩኝና፣ «በእናንተ በኩል ባሕሩ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ይህን ያህል አይንቀሳቀስም፤» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም።

ነገሩ የታወቀው በሁለተኛው ዓመት ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ባሕር ካርታ ሠርቶ ሰሌዳ ላይ እንዲሰቅል ታዘዘ። ከደሴት አገር የመጣው ጓደኛችን የሠራው ካርታ ሰሌዳውን አልፎ ግድግዳው ላይ ደረሰ። እኔ ጣናን ሰቀልሁ። ፕሮፌሰሩ መጥተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

«ይኸኛው ዙሪያው መሬት ነው፤» አሉ።

«አዎ።»

«በሁሉም በኩል?»

«ዓባይ የሚወጣበት ትንሽ ክፍት ቦታ አለ።» በጣቴ አሳየኋቸው።

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወንበር ስበው ካርታው ሥር ተቀመጡና ይጠይቁኝ ጀመር። ዳር ቆመው ሲያዩት ማዶው ይታያል? ከኛ ከተማ አይታይም። ሰው ይሰምጥበታል? በየዓመቱ። ሰው ይኖርበታል? ደሴቶች አሉት፤ መነኮሳት ይኖሩባቸዋል። እንጀራቸውን ከሱ የሚያገኙ አሉ? አሉ። በመጨረሻ «የመመረቂያ ጥናትሽን ቀይ ባሕር ላይ ትሠሪያለሽ፤ አገርሽ አላት አይደል?» አሉኝ።

አላት። ግን በዚያ በኩል ጦርነት ነበር። ፈቃድ ጠይቄ መልሱ በአምስተኛው ወር መጣ፤ አንድ መስመር ነው፤ «ወደ አካባቢው መሄድ ለጊዜው አይቻልም፤ ጥናቱ ባሕር ዳር ሊከናወን ይችላል።» ፕሮፌሰሩ ተርጉሜ ሳነብላቸው ሰሙና ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛ፣ የሁሉም ተማሪ መጠይቅ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንድም ጥያቄ አይቀየርም፤ ከተቀየረ ከሌሎቹ ባሕሮች ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ሁለተኛ፣ ዳር ላይ ተቀምጦ መጠየቅ የለም፤ ሰዎቹ ውኃው ላይ ከወጡ እኔም ውኃው ላይ እወጣለሁ።

መጠይቁን ይዤ ባሕር ዳር ገባሁና ሹም አቦ ካለችው ክፍሌ ተቀምጬ ወደ አማርኛ መለስሁት። ስለ ወደብ ቀረጥ ይጠይቃል። ስለ ዓሣ ነባሪ ይጠይቃል። የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ሲሸሽ ሥራችሁን እንዴት ታደራጃላችሁ ይላል። ጥያቄ አሥራ አራት «ይህ ባሕር የማን ነው?» የሚል ነው። እንዳለ ተረጐምሁት።

ያለ ቀበሌ ፈቃድ ማንንም መጠየቅ ስለማይቻል ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድሁ። ቀድሞ የእንጨት ሠራተኛ የነበረ፣ ከኔ በዐሥር ዓመት የሚበልጥ፣ ተናግሮ ሲጨርስ ዙሪያውን የሚያይ ሰው ነው። መጠይቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበ። ዓሣ ነባሪው ላይ ትንሽ ቆየ። ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ግን ቆመ።

«ጓድ መምህርት፣ ይህን መጠየቅ ለምን አስፈለገ? መልሱ የታወቀ ነው።»

«ጥያቄ መቀነስ አይፈቀድልኝም።»

«እንግዲያውስ አብሬሽ እዞራለሁ፤» አለ።

አብሮኝ ዞረ። ከሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮች በየቤቱ ገባን። እኔ «ይህ ባሕር የማን ነው?» ስል ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት ሊቀ መንበሩ «የሰፊው ሕዝብ ብለሽ ጻፊ፤» ይላል፤ ባለቤቱም ራሱን ይነቀንቃል። ስለ ቤተሰብ የሚጠይቀው ክፍል ደግሞ በሌላ መንገድ ተበላሸ። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ሰሞን ስለነበር፣ ወረቀት ይዛ ከሊቀ መንበር ጋር የምትዞር ሴት «ወንድ ልጅ አለህ ወይ?» ስትለው «አለኝ» የሚል አባት አልነበረም። በኔ መጠይቅ መሠረት በጣና ደቡብ ዳርቻ ወንድ ልጅ የወለደ ሰው የለም። ሴቶች ብቻ ናቸው የሚወለዱት፤ እነሱም ሕፃናት ናቸው።

ውኃው ላይ የሚያወጣኝን ሰው የመረጠልኝም ሊቀ መንበሩ ነው። ታንኳ ሠሪ ሽማግሌ ናቸው። ደንገል የሚባለውን የውኃ ሣር ከሐይቁ ዳር ራሳቸው ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ጠፍረው ታንኳ ያደርጉታል፤ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ይጥሉትና ሌላ ይሠራሉ። እንጨት ወደ ከተማ፣ እህል ወደ ደሴት ያመላልሳሉ። ሚስታቸው ሞታለች። መጠይቁን ስሞላላቸው በቃል የሚመልሱት ትንሽ ነው። «ልጅ አለዎት?» ስላቸው ሊቀ መንበሩን አላዩም፣ እኔንም አላዩኝም፤ መቅዘፊያቸውን አዩና «የለኝም፤» አሉ። ሊቀ መንበሩም መሬት መሬት ሲያይ ነበር። ጻፍሁት።

በማግሥቱ ጠዋት በታንኳቸው ወደ ደሴት ሄድን። ታንኳ ላይ መቀመጫ የለም፤ እርጥብ ደንገል ላይ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ነው። የተሞሉትን መጠይቆች ሁሉ በሸራ ቦርሳ ይዣቸዋለሁ፤ ቤት ብተዋቸው ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ነው። የሄድንበት ደሴት ሴት አይረግጠውም። ይህን አውቃለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ግን የባሕር ሰው ሁሉ ይጠየቅ ብለዋል። ሽማግሌው ታንኳውን ከድንጋዩ መውረጃ ዐሥር እርምጃ ያህል አርቀው አቆሙትና ተጣሩ። አንድ መነኩሴ መቋሚያቸውን ይዘው ከዛፎቹ መሐል ወጡ።

«አባቴ፣ ከዚሁ ሆኜ ልጠይቅዎት?» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ከዚያው ከሆነ ምን ከለከለሽ።»

«ባሕሩ ከኅብረተሰቡ ይለያችኋል ወይስ ያገናኛችኋል?»

«እንዲለየን ነበር የመጣነው።»

«ለየዎት?»

«ይኸው አንቺ መጥተሽ የለ?»

ጻፍሁ። ቀጥዬ የውኃውን መሙላትና መሸሽ ጠየቅሁ።

«በቀን ሁለቴ?» አሉ። «ይህን የሚጠይቁ ሰው ጤነኛ ናቸው?»

«ጤነኛ ናቸው። የእነሱ ባሕር እንዲያ ያደርጋል። ጨረቃ ነው የሚስበው።»

መነኩሴው መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ታዲያ ጀልባ የት ያስራሉ?»

እኔም አላውቀውም ነበር። የመርከብ ልምምዱን ባልዲ ታቅፌ ነው ያሳለፍሁት። «ባሕሩን ይፈሩታል?» ወደሚለው አለፍሁ።

«ስመጣ ፈርቼው ነበር። ከመጣሁ ወዲህ አልተሻገርሁም።»

«አሁንስ ይፈሩታል?»

«ካልተሻገርሁ በምን አውቃለሁ?» አሉ። ከዚያ አንድ ሰፌድ ሎሚ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው ወደ ዛፎቹ ተመለሱ። ሽማግሌው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ገብተው አመጡልኝ።

ስንመለስ ነፋስ ተነሣ። ጣና ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያደርጋል፤ ይህ ባገሩ ሰው ሁሉ የሚታወቅ ነው፤ እኔ ግን ከመነኩሴው ጋር ስጨቃጨቅ ጊዜው ሄዶብኛል። ሞገዱ ደንገሉን እያለፈ እግራችንን ያጥበን ጀመር። ሽማግሌው መቅዘፍ አላቆሙም። ወደኔም ሳይዞሩ «ተኚ፤» አሉኝ።

«ምን ልሁን?»

«ተኚ ነው የምልሽ። ተቀምጠሽ ከሆነ እንገለበጣለን።»

ተኛሁ። የተኛሁት ቦርሳዬ ላይ ነው። እንዴት እንደፈራሁ ለፕሮፌሰሩ አልጻፍሁላቸውም፤ መጠይቁ ላይ ለጠያቂው ፍርሃት የተተወ ቦታ የለም። የማስታውሰው ሎሚዎቹ በጆሮዬ አጠገብ ሲንከባለሉና ሽማግሌው በየቀዘፋው መካከል «አይዞሽ» ሲሉ ነው፤ ለኔ ይሁን ለታንኳው አልለየሁም። ዳር ስንደርስ ተነሥቼ ቦርሳዬን ከፈትሁ። የሁለት ወር ሥራዬ አንድ ሰማያዊ ውኃ ሆኗል።

ሽማግሌው አጎንብሰው አዩ። «ጽሕፈቱ ሄደ?»

«ሄደ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያስ እንደገና ትጠይቂያለሽ፤» አሉና ታንኳቸውን እንዲደርቅ ሊያቆሙ ሄዱ። እኔ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ አሰጣሁ። ዓሣ የሚያደርቁ ሴቶች ቦታ ለቀቁልኝ። አንዷ አንዱን ወረቀት አንሥታ ወደ ፀሐይ አየችውና «አሁን ንጹሕ ነው፤» አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሊቀ መንበሩ አልነበረም፤ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተጠርቶ ነበር። ምክትሉ ስለ ባሕር የሚያገባው ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ስለዚህ የዞርሁት ከሽማግሌው ጋር ነው። እሳቸው በር ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ እገባለሁ። ያው ሰው፣ ያው ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ያው አልነበረም። ባሕሩ የማን እንደሆነ አንዱ «የእግዜር» አለኝ። ሌላው «የዓሣው» አለ። ባሏ ከሦስት ዓመት በፊት የሰመጠባት ሴት «የባሌ ነው፤ እዚያ አይደል ያለው» አለችኝ፤ እንደ ሌላው ሁሉ ይህንንም ቁጥር ሰጥቼ መዘገብሁት። ወንዶች ልጆችም ብቅ ብቅ አሉ። በአንድ ቤት አራት ተገኙ፤ ሁለቱ ከጎተራው ጀርባ።

ሽማግሌውን መጨረሻ ላይ ጠየቅኋቸው። አዲስ ታንኳ እየጠፈሩ ነበር። «ልጅ አለዎት?» ስል ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው ሳቡና ቋጠሩት።

«አንድ አለ፤» አሉ። «ባሕር ኃይል ነው።»

ልጃቸው በቀደመው ምዝገባ ተወስዷል። የጦር ሰፈር እንደደረሱ መኮንኑ አንድ በአንድ ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው። «ከባሕር ዳር» ሲል፣ «እንግዲያውስ ባሕር ታውቃለህ» ብሎ ወደ ባሕር ኃይል መደበው። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ስላልሳቁ ዋጥሁት። ደብዳቤ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ምፅዋ እንዳለ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ አንድም ወሬ የለም።

«አንቺ ያንን ባሕር አይተሽዋል ይባላል፤» አሉኝ።

«ያየሁት ሌላውን ነው። ግን ባሕሮቹ ይገናኛሉ።»

«ማዶው ይታያል?»

«አይታይም። ቀን ሙሉ ሄደውም አይታይም።»

«ውኃው ይጠጣል?»

«ጨው ነው። አይጠጣም።»

ታንኳውን ተዉትና ዞረው አዩኝ። «ታዲያ ምን ይጠጣሉ?»

«ከዳር ጭነው ነው የሚሄዱት።»

«ውኃ ላይ፣ ውኃ ጭነው ይሄዳሉ?»

«አዎ።»

የታንኳውን ጎን በመዳፋቸው ዳበሱ። «መርከቡስ ከምንድን ነው?»

«ከብረት።»

«ብረትማ ይሰምጣል።»

«አይሰምጥም። እኔ ተሳፍሬበታለሁ።»

«እና እንዴት ሆንሽ?»

ልዋሻቸው እችል ነበር። «አመመኝ፤» አልኋቸው። «ሦስት ቀን አስታወከኝ።»

«እንግዲያስ እሱንም አሞታል ማለት ነው፤» አሉ። እጃቸው ደንገሉ ላይ ነበር፤ የሚሠሩት ነገር ግን አልነበረም። ያን ቀን ጥያቄውን አልጨረስንም። የቀረው ክፍል እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

በማግሥቱ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ጥቂት ክፍለ ጊዜ አስተምርበት ከነበረው ከቀድሞ ትምህርት ቤቴ በር ላይ መጥተው ጠበቁኝ። ደብዳቤ ጻፊልኝ አሉ። የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እሳቸው ሲናገሩ እኔ ጻፍሁ። ልጃቸው ነፋስ ሲነሣ ወዲያው እንዲተኛ አዘዙት። ታንኳው ውኃ ከጠጣ ፀሐይ ላይ ማቆም እንዳይረሳ አሉት። መርከቡ ብረት እንደሆነ ባስታውሳቸውም «ግድ የለም፣ ጻፊው» አሉኝ። ሆድ ሲገለብጥ ሎሚ መምጠጥ ጥሩ ነው፤ ይህን የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ እንደራሳቸው ምክር አድርገው አስገቡት። መጨረሻ ላይ ምን ልጻፍ ስላቸው ብዙ አሰቡና «እኔ ደኅና ነኝ በይው፤ ሌላ ወሬ የለም» አሉ። አድራሻው የኔ ትምህርት ቤት ሆነ።

መልሱ በሦስተኛው ወር መጣ። ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው፤ በአንድ ገጽ ዐሥር መስመር አይሞላም። የመጀመሪያውን ወር እንደታመመ፣ አሁን እንደተሻለው፣ ሙቀቱ ከባድ እንደሆነ ይናገራል። ሎሚ የለም ይላል። «አባባ፣ ውኃው እውነትም ጨው ነው፤ ልብስ አጥበን ስንለብሰው ይቆረቁራል» የሚል ነበረበት። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ሦስተኛው ላይ፣ ገና ቦታው ሳልደርስ፣ «አሁን ጨው የሚለው ይመጣል፤» አሉ።

በዚህ መካከል ሊቀ መንበሩ ከሥልጠና ተመልሶ ሁለተኛውን መጠይቅ ላየው አለ። ልከለክለው አልቻልሁም። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ጥያቄ አሥራ አራትን አየ። የልጆቹን ቁጥር አየ። የሽማግሌውን ወረቀት ብቻ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ልጁን መዝግቤ የላክሁት እኔ ነኝ፤» አለ። እንደ ልማዱ ዙሪያውን አላየም። «ሽማግሌው የለኝም ሲሉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ምን ልበል? አለዎት ልበላቸው?»

«በደብዳቤ እየተጻጻፉ ነው፤» አልሁት።

«ምን ይላል?»

«ሎሚ የለም ይላል።»

ወረቀቶቹን ሰብስቦ መለሰልኝ። የመጀመሪያው መጠይቅ ውኃ እንደገባበት፣ ሁለተኛውን ደግሞ እንዳላየው የሚገልጽ ነገር መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ እኔ ፊት ነው የጻፈው። ከዚያ እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲው ስመለስ ለሽማግሌው ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍላቸው ጠየቀኝ። ይህን አስቤበት አላውቅም ነበር። «እኔ እጽፍላቸዋለሁ፤» አለ። ሽማግሌውን ሄጄ ስነግራቸው ደስ አላላቸውም፤ ግን እንቢም አላሉም። «እሱ ፈጥኖ ይጽፋል?» ብቻ ነው ያሉኝ።

ተመልሼ ጥናቴን ጻፍሁ። ከሌሎቹ ባሕሮች ጋር የተነጻጸረው ሠንጠረዥ ላይ ጣና ብዙ ባዶ ቦታ ነበረው። ጥናቴን ፈታኞች ፊት ባቀረብሁበት ቀን አንዷ፣ የውኃው መሙላትና መሸሽ ለምን እንዳልተሞላ ጠየቀችኝ። ተጠያቂዎቹ ጨረቃ በዚህ ነገር እንደሌለችበት መናገራቸውን አስረዳሁ። መጨረሻ ላይ መጠይቁ ውስጥ የሌለ አንድ ምዕራፍ ጨምሬ ነበር፤ ተጠያቂዎቹ ጠያቂዋን የጠየቋት ጥያቄዎች የሚል። ጀልባ የት ያስራሉ፣ ምን ይጠጣሉ፣ ብረቱ እንዴት አይሰምጥም፣ ሰው ሲታመም ማን ያየዋል። ፕሮፌሰሩ ስለሌላው ብዙ አልተናገሩም። ስለዚህ ምዕራፍ ግን «ይህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤» አሉ። ያገኘሁት ውጤት «ጥሩ» የሚባለው ነው። ከሱ በላይ ሁለት ደረጃ አለ።

አገሬ ስገባ መሥሪያ ቤቱ ዲግሪዬን የት እንደሚያደርገው አላወቀም። የዓሣ ሀብት ክፍል አንድ ዓመት ያህል ወንበር ተሰጥቶኝ ተቀመጥሁ፤ ጠረጴዛ አልመጣም። ከዚያ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቴ፣ ወደ ቀድሞ ክፍሌ ተመለስሁና ጂኦግራፊ ማስተማር ቀጠልሁ።

ሊቀ መንበሩ ቃሉን ጠብቋል። ሽማግሌው እንደነገሩኝ ሲጽፍ ፈጣን ነው፤ ግን «ትግላችን» የሚል ነገር ካልከለከሉት በየመሐሉ ያስገባል። እሳቸውም ይከለክሉት ነበር። ልጁ ከምፅዋ ወደ አሰብ ተዛወረ። ከዚያ ጦርነቱ እየባሰ ሄዶ ደብዳቤው ቆመ። ወደ አንድ ዓመት ያህል ምንም አልመጣም። ሽማግሌው በሳምንት አንድ ቀን ወደ ትምህርት ቤቱ በር ይመጣሉ፤ ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያያቸው ራሱን ይነቀንቃል፤ ይመለሳሉ። እኔ አንዳንድ ቀን በሌላ በር እወጣ ነበር። ይህን የምናገረው አሁን ስለሚያሳፍረኝ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ሊቀ መንበሩ አንድ ቀን ጠዋት ቤቱን ዘግቶ ሄደ። ዘመዶቹ አንበሳሜ በምትባል ትንሽ ከተማ ናቸው ይባላል፤ እዚያ በር እና መስኮት ይሠራል ሲሉም ሰምቻለሁ። ሄጄ አላየሁትም።

ልጁ የመጣው ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ነው። በጦርነቱ መጨረሻ ሰሞን መርከባቸው ከቀይ ባሕር ማዶ ወዳለ አገር ተሻገረች፤ ወራት በመጠለያ ቆየ፤ ከዚያ በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ከሐይቁ ማዶ ባለችው በቁንዝላ በኩል መጥቶ በእንጨት ጫኝ ታንኳ ተሻገረ። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሽማግሌው ናቸው። በሳምንቱ ልጃቸውን ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ በዚያኛው በር ልወጣ ስል ዘበኛው በሩጫ ጠራኝ።

ልጁ ቀጭን፣ ከሚገባው በላይ የጠቆረ፣ ሲቆም እግሩን ሰፋ የሚያደርግ ነው። «መምህርት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«የመጀመሪያው ደብዳቤ የእርስዎ ጽሕፈት ነበር፤» አለ። «የአባባን የእጅ ጽሕፈት አይቼ ስለማላውቅ የእሱ መስሎኝ ነበር። ጽሕፈት ተማረ ብዬ ለጓዶቼ ተናገርሁ።»

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። ማስተባበል አልፈለጉም።

«ሲመጣ ምን አሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ምን እላለሁ? መጣህ አልሁት። መጣሁ አለ። ብላ አልሁት፤ በላ።» ልጃቸውን አዩና፣ «አልበቃውም። ጨመርሁለት፤» አሉ።

ልጁ ሥራ ይፈልግ ነበር። ወታደር ነበርሁ ማለት በዚያን ጊዜ ለሥራ አይጠቅምም። ወደ አስተማሪዎች ክፍል ወስጄ ወረቀት አወጣሁና፣ በሐይቁ ላይ ሰው የምታመላልስ ጀልባ ኃላፊ ለሆነ ለቀድሞ ተማሪዬ ጻፍሁለት። ስለ ወታደርነቱ አላነሣሁም። በባሕርና በመርከብ ሥራ ረዘም ያለ ልምድ አለው፤ ይህንንም በባሕርና ኅብረተሰብ ሁለተኛ ዲግሪ ያላት ሰው ታረጋግጣለች አልሁ። ዲግሪዬን ለሰው ጥቅም የተጠቀምሁበት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ጽፌ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ፤ ወንበር ብሰጣቸውም አልተቀመጡም። ወረቀቱን አጥፌ ለልጁ ስሰጠው «አንብቢው፤» አሉኝ። አነበብሁት። «እንደገና፤» አሉ።

ልጁ ተቀጠረ። ገመድ ማሰርና ተሳፋሪ ማስቀመጥ ነበር ሥራው፤ ሁለት ዓመት ሠራ፤ ከዚያ አግብቶ ወደ ቁንዝላ ሄደና በቆሎ ያርሳል። ሽማግሌው በየበዓሉ ለጥየቃ ይሄዱ ነበር። የሚሄዱት በጀልባዋ አይደለም፤ በራሳቸው ታንኳ፣ ጠዋት ማልደው ተነሥተው ነው።